ከውጭ የሚመጣ ዓይን

ሰፈሩ «ቢሆንስ» ብሎ ይጠራታል። ስሙን ያወጣላት የገዛ ባሏ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ካልቀለደ መሪው የሚዞርለት አይመስለውም። ሰማይ ሲያጉረመርም «ጎርፍ ቢሆንስ»፣ ልጇ ትንሽ ስትዘገይ «አደጋ ቢሆንስ»፣ ስልክ ሳይታሰብ ሲጮህ «መርዶ ቢሆንስ» ስለምትል፣ ስሙ በልኳ እንደተሰፋ ቀሚስ ልክክ አለባት። እሷም አልተቀየመችም።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው» ትላለች። «እናንተ ሳቁ፤ እኔ ልጠንቀቅላችሁ።»

ሥራዋ ላውንደሪ ቤት ሸሚዝ መተኮስ ነው። ኮሌታ ከጫፉ ወደ መሀል ካልተተኮሰ ጥጉ እንደሚጨማደድ ታውቃለች፤ ኪስ ውስጥ የተረሳ እስክሪብቶ ቀለሙን ሳይተፋ በፊት በእጇ ዳብሳ ታገኘዋለች። ማታ ስትወጣ ካውያውን ትነቅልና በሩ ላይ ደርሳ ለማረጋገጥ ትመለሳለች። መንገዱን ተሻግራ ደግሞ ትመለሳለች። አሠሪዋ «እትዬ፣ ካውያው ራሱ ታዘበዎት እኮ!» እያለ ይስቃል።

ከሚያስፈራት ሁሉ የሚበልጥባት ግን የልጇ ዓይን ነው። ልጇ አንድ ናት፤ ገና ፊደል ስትቆጥር ሰሌዳው አልታይ ብሏት መነጽር ያደረገች። የቢሆንስ እናት ደግሞ በስተርጅና ዓይናቸው ጠፍቶ ግድግዳ እየዳበሱ ነው ያለፉት። ነገሩ በዘር ይወርዳል የሚል ሐሳብ ከቢሆንስ ልብ ወጥቶ አያውቅም። ልጅቷ በበኩሏ ከዓለም ሥራ ሁሉ መርጣ በዓይን የሚሠራውን ያዘች፤ ፎቶ አንሺ ሆነች።

የምትሠራው ጋሽ ብልጭ በሚባሉ ሽማግሌ ፎቶ ቤት ነው። «ብልጭ ሲል እንዳይጨፍኑ!» ሲሉ ስለሚውሉ ስማቸው ይኸው ሆኖ ቀረ። በሥራ ቀን ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፤ እሑድ ሲሆን ኳስ ሜዳ ጠርዝ ላይ ተንበርክካ ተጫዋቾችን ታነሳለች። የምትወደው የእሑዱን ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። በዚያ ፎቶ ቤት ሌንስን ሌንስ የሚለው ሰው የለም። ጋሽ ብልጭ ገና በመጀመሪያው ቀን «ሌንስ የሌለው ካሜራ ዕውር ነው» ብለው ካስተማሯት ወዲህ ሌንስ «ዓይን» ነው። የቅርቡ ዓይን፣ የሩቁ ዓይን፣ የተጫረው ዓይን ይባላል፤ መጠኑም እንደ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ በቁጥር ይጠራል፤ ቁጥሩ የበለጠው ሩቅ ያያል። ቢሆንስ ግን ይህን አታውቅም። ቤት ውስጥ ስለ ካሜራ ብዙ አይወራም፤ ከተወራ «ኳሱ ግንባርሽን ቢመታሽስ?» መምጣቱ ነዋ!

በዚያ ሰሞን የውጭ ገንዘብ ረከሰ። ስንት ዘመን ሽቅብ ብቻ ሲወጣ የኖረው ምንዛሪ፣ መሰላሉን እንደ ነጠቁት ሰው በአንድ ጊዜ ቁልቁል ወረደ። ቴሌቪዥን ላይ ዜና አንባቢው ቁጥሩን ሲናገር ፈገግታውን መደበቅ አቃተው። ሰው ሁሉ ከውጭ የሚያስመጣው ነገር አማረው። አንዱ ጎማ፣ አንዱ የጥርስ ሐኪም ወንበር አለ፤ የቢሆንስ አሠሪ እንኳ በእንፋሎት የሚሠራ ካውያ ማለም ጀመረ። «ሳይመለስ! ሳይመለስ!» ነበር የከተማው ሁሉ ቋንቋ።

አንድ ቀን ጠዋት ቢሆንስ ፎጣ ልትሰቅል ወደ በረንዳው ስትሄድ፣ ልጇ እዚያ ቆማ በስልክ ስታወራ ሰማች። በሩ ገርበብ ብሏል።

«አለቀለት ጋሼ!» ትላለች ልጅቷ። «አዎ፣ ውስጡ ሻግቷል። ሌላ ባለሙያም አይቶታል፤ ቢጸዳም መልሶ ይሻግታል አለ። እሑድ ሜዳ ላይ ሁሉም ነገር ጉም መስሎ ነው የታየኝ፤ ሰው ከሰው አልለይም… አዲስ ዓይን ከውጭ ማስመጣት ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ምንዛሪው እንዲህ ወርዶ ሳለ… ኧረ ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ! እሷ ከሰማች አለቀልኝ።»

ፎጣው ከቢሆንስ እጅ ወደቀ።

ሰማይ ምድሩ ዞረባት። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች፤ ግድግዳ መያዟን ስታስተውል እናቷ ትዝ አሏት። ባሏ ዩኒፎርሙን ለብሶ ቁርስ ላይ ተቀምጧል። ሐኪም ስኳር ከከለከለው ወዲህ ማር የተቀመጠበትን ማንኪያ «ልጠበው ብዬ ነው» እያለ በምላሱ የሚያጥብ ሰው ነው፤ አሁንም ያንኑ ማንኪያ ይዟል።

«የልጅቷን ዓይን ነገር ታውቃለህ?» አለችው።

ሰውዬው ማንኪያውን ሸሸግ አደረገ። የልጁ ምስጢር የወጣ መሰለው። «ነገረችሽ? ተመስገን! እኔማ እንዴት ችዬ ልደብቅሽ ብዬ ተጨንቄ ነበር።»

«ታውቃለህ?!»

«ምን አለበት ታዲያ? ሻገተ፤ ትቀይረዋለች። ምንዛሪው እጅ ላይ ነው። አሮጌውን ደግሞ ወረቀት እንዳይበርባት ጠረጴዛዋ ላይ ታስቀምጥበታለች።»

«አንተ ሰው! ዓይን እኮ ነው የምንለው!»

«አንድ ዓይን እኮ ነው ቢሆንስዬ። ቤት የተቃጠለ አታስመስዪው።» ሰዓቱን አየና ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲያፏጭ ተሰማ።

ያፏጫል! ቢሆንስ ያገባችው ሰው ልብ እንደሌለው ያን ዕለት ጠዋት ገባት። ልጅቷን በፊት ለፊት እንዳትጠይቅ ደግሞ ፈራች። «ደበቀችኝ ማለት የባሰ ነገር አለ ማለት ነው» አለች ለራሷ። «ሁለቱም ቢሆንስ?»

ላውንደሪ ቤት ገብታ ካውያዋን ጨበጠች፤ ልቧ ግን እዚያ አልነበረም። ነጩ ሸሚዝ ላይ ሽታ ሲነሳ ነው የነቃችው። በኮሌታው ላይ የካውያው አፍንጫ ቡናማ ሆኖ ታትሟል። በሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም። ሸሚዙን አየችው፤ ልክ የታመመ ዓይን መሰላት።

ያን ጊዜ ቆረጠች። «የእናት ዓይን እያለ ከባዕድ አገር ዓይን ምን ያመጣዋል?» አለች ጮክ ብላ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ በሩ ላይ ደርሳ አልተመለሰችም፤ መንገዱን ተሻግራም አልተመለሰችም። አሠሪዋ ከባንኮኒው ኋላ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ፎቶ ቤቱ ከቁልፍ ቀራጩ ሱቅ አጠገብ ነው። በመስኮቱ ላይ የማታውቃቸው ሰዎች ከመስታወት ኋላ ይስቁባታል። ልጅቷ ባንክ ሄዳለች፤ ጋሽ ብልጭ ብቻቸውን የመብራቱን ነጭ ጃንጥላ እየዘረጉ ነበር።

«ጋሼ» አለች ሰላምታውን ዘላ፣ «ዓይኑን ከውጭ እንዳታስመጡ። እኔ ጋ አለ።»

የሽማግሌው ፊት በራ። «እርስዎ ጋ? ወይ ጉድ! ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩን?»

«ማን ጠየቀኝ? ደበቃችሁኝ እንጂ።»

«እሱስ እውነትዎን ነው። ይቀመጡ እስቲ። ስንት ነው?»

ቢሆንስ ዕድሜዋን የጠየቋት መሰላት። የሐኪም ጥያቄ ነው ብላ አልደበቀችም። «ሃምሳ ሞልቶታል።»

«ሃምሳ…» አሉ ጋሽ ብልጭ፣ ቅር እያላቸው። «ሃምሳማ እኛም አለን። የልጅቷ ሥራ የሚፈልገው ሁለት መቶ ነው። ከዚያም ቢበልጥ አይጠላም።»

«ሁለት መቶ! ኧረ ጋሼ፣ ማን ሁለት መቶ የሞላው አለና?»

«ውጭ አገር ሞልቷል! እንዲያውም አንድ ሽማግሌ አግኝተናል። ሁለት ነበረው፤ ጡረታ ሲወጣ አንዱ ይበቃኛል ብሎ አወጣው።»

ቢሆንስ የደንበኞቹን በርጩማ በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። «አወጣው? በሕይወቱ እያለ?»

«በደንብ አለ! ደስ የሚል ሰው ነው። ከመላኬ በፊት አጥቤ አደርቀዋለሁ ብሏታል።»

«የፈጣሪ ያለህ!»

«ይልቅ የእርስዎ ጭረት አለበት?»

«የለበትም። ቅርብ ብቻ ትንሽ ያስቸግረዋል፤ መርፌ ማስገባት አልችልም። ሩቁን ግን እንደ ንስር ነው የሚያይ።»

ሽማግሌው እጃቸውን አፋተጉ። «ለሩቅ ነው እኮ የምንፈልገው! ምናልባት ቁጥሩን ተሳስተው እንዳይሆን። በሉ ያሳዩኝ። የት አስቀመጡት?»

ቢሆንስ መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረች። አንገቷን ወደ መብራቱ ቀና አደረገች። በሁለት ጣቶቿ የቀኝ ዓይኗን ቆብ ወደ ላይና ወደ ታች ገልጣ ያዘች።

«ይኸው!» አለች። «ዛሬውኑ አውጡት። ብቻ ፊርማ ካስፈለገ ለግራው ጊዜ ስጡት፤ እያለቀሰ ነው።»

የተዘረጋው ጃንጥላ ከጋሽ ብልጭ እጅ ሾልኮ መሬት ላይ ተሽከረከረ።

«እህቴ» አሉ በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «ይሄ እኮ… የራስዎ ዓይን ነው።»

«ታዲያ የጎረቤት ላመጣልዎት ኖሯል?»

በዚህ መሀል ልጅቷ ገባች። እናቷን ዓይኗን በልቅጣ፣ አለቃዋን ደርቀው ስታይ ክው አለች። «እማ! ምን ሆነሽ?»

ቢሆንስ ዘላ ተነሳችና የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። «ወደ ላይ እዪ። ወደ ታች። ይሄ ስንት ጣት ነው?»

«ሁለት። ምን እያደረግሽ ነው? መነጽርሽስ?»

«አትዋሺኝ! ሻግቷል ስትዪ ሰምቻለሁ። ሰው ከሰው አልለይም ስትዪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ እናትሽ እያለሁ የማታውቂው ሽማግሌ ዓይን ትገዣለሽ?»

ልጅቷ እናቷን አየች። ጋሽ ብልጭን አየች። ሽማግሌው ግን መናገር አልቻሉም፤ በርጩማው ላይ ተጣጥፈው ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ ይመስላል። በእጃቸው ወደ ጠረጴዛው አመለከቱ። ልጅቷ ከዚያ ላይ ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ጣሳ ያለ ነገር አንስታ ለእናቷ ሰጠቻትና መብራቱ ፊት አስያዘቻት።

«ይኸውልሽ የሻገተው ዓይን። የካሜራው ዓይን ነው፣ እማ። እኛ ሌንስን ዓይን ነው የምንለው።»

ቢሆንስ አጮልቃ አየች። በመስታወቱ ሆድ ውስጥ ቀጫጭን ነጫጭ ክሮች ሸረሪት ያደራችው መስለው ተሰራጭተዋል። ሻጋታው ይኸው ነበር። የልጇ ዓይኖች ከበላዩ ጥርት ብለው፣ ትልልቅ ሆነው፣ ሳቅ ሞልቷቸው ያዩአታል።

በመጀመሪያ «እሰይ» ለማለት ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ድምፅ ነው። ሳቅ ነበር፤ ከዚያ ለቅሶ ሆነ፤ ከዚያ መልሶ ሳቅ ሆነ። «ሽማግሌውስ?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አጥቤ አደርቀዋለሁ ያለውስ?»

«መጠቅለያውን ነው የሚያጥበው!» አሉ ጋሽ ብልጭ፣ ድምፅ ሲመለስላቸው፤ ሦስቱም እንደገና ፈነዱ። ቁልፍ ቀራጩ ምን መጣ ብሎ አንገቱን በበሩ አስገባ።

ሳቁ ረገብ ሲል ቢሆንስ የተኮሳተረች ለመምሰል ሞከረች። «ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብነግርሽ ምን ትዪኝ ነበር?»

«ምንም አልልሽም ነበር! ብቻ… ሻጩ ሌባ ቢሆንስ እልሽ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ድንጋይ ቢላክስ። አውሮፕላኑ…»

«አየሽ?»

«እሺ ይሁን። አዘዝሽው ታዲያ?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «አላዘዝኩም።»

«ገንዘብ አነሰሽ?»

«አላነሰኝም፤ የሜዳውን አጠራቅሜያለሁ፤ አሁንም ባንክ የሄድኩት ካርዴን ላዘጋጅ ነው። ግን ምንዛሪው ነገ ይበልጥ ቢወርድስ ብዬ። ደግሞ ከገዛሁ በኋላ የተሻለ ቢወጣስ። መንገድ ላይ ቢሰበርስ።»

«ሰሞኑን ሁሉ እንዲሁ ነው» አሉ ጋሽ ብልጭ። «ጣቷን ቁልፉ ላይ ታሳርፍና፣ ‹ቢሆንስ› ብላ ታነሳዋለች። ‹ከእሑድ በፊት አዛለሁ› ስትል ሁለተኛው እሑድ ደረሰ። ምንዛሪው ሲመለስ እሷ እዚያው ናት።»

ቢሆንስ የገዛ ድምፅዋን ከልጇ አፍ ሰማችው። በሌላ ሰው አፍ እንዲህ የሚያሳዝን አይመስላትም ነበር። መነጽሯን ከወለሉ አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና አደረገች።

«ስሜን መልሺልኝ» አለች። «ለአንድ ቤት አንድ ቢሆንስ ይበቃዋል። የቱ ጋ ነው የሚጫነው?»

«እማ፣ ቆይ እስቲ…»

«ዓይኔን ላስወጣ የመጣሁ ሴት ነኝ፤ አንዲት ቁልፍ ታቅተኛለች?»

ልጅቷ ካርዷን አስገብታ ስልኩን ዘረጋችላት። ቢሆንስ ትንፋሿን ዋጠች፣ ዓይኗን ጭፍን አደረገች፣ ተጫነች።

«ብልጭ ሲል እንዳይጨፍኑ ብያለሁ እኮ!» አሉ ሽማግሌው።

ስልኩ ጢን አለና «ትእዛዝዎን ተቀብለናል» አለ። ልጅቷ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ቢሆንስ ገና አቅፋት ሳለች ድንገት ደረቀች።

«ካውያዬ!» ብላ ጮኸች፤ ሮጣ ወጣች። አሠሪዋ ነቅሎት ነበር። ሸሚዙን ደግሞ ለመታሰቢያ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ጠበቃት።

ከሦስት ቀን በኋላ ምንዛሪው ተመለሰ። ዜና አንባቢው ፈገግታውን አጥቶ ቁጥሩን ሲናገር ቢሆንስ ከሶፋው ላይ ብድግ ብላ አጨበጨበች። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይጠይቃት የምንዛሪ ነገር ታወራለች። ሸሚዝ ሊያስተኩሱ የመጡ የባንክ ሠራተኞችን «እናንተ ስታመነቱ እኛ በጊዜ ቆረጥን» ትላቸዋለች። ባሏ «ከሰው ወገን የመጀመሪያዋ ዓይኗን ጨፍና የከበረች ነጋዴ» እያለ ለተሳፋሪ ሁሉ ነገረ።

ሳጥኑ እስኪመጣ ግን አመሏ መለስ ማለቱ አልቀረም። በመጣበት ዕለት ጠረጴዛ ላይ አድርገው ሦስቱም ከበቡት። ቢሆንስ በእጇ መዘነችው፤ ከበደ። አፏን ስትከፍት ባልና ልጅ ቀድመው በአንድ ድምፅ «ድንጋይ ቢሆንስ?» አሉ።

«አላልኩም!» አለች። ልትል ነበር።

ልጅቷ ማሸጊያውን ቀደደች። ከላይ ሁለት ወፍራም የሱፍ ካልሲ ወጣ፤ ሌንሱ በመካከላቸው ተሸጉጧል። ልጅቷ ወደ ሌንሱ ስትጣደፍ ቢሆንስ ካልሲዎቹን አነሳች። አሸተተቻቸው። በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ፊቷ ላይ እንደ ንጋት ያለ ነገር ወጣ።

«ተተኩሷል» አለች።

«ምኑ?» አለ ባሏ።

«ካልሲው! አጥቦ፣ አድርቆ፣ ተኩሶ ነው የላከው። ያውም በእርጥብ ጨርቅ አልብሶ ተኩሶት ነው እንጂ ሱፉ ይኮማተር ነበር።» ካልሲዎቹን ደረቷ ላይ አደረገች። «ካልሲ ተኩሶ የሚልክ ሰው አያጭበረብርም። ሳታዩት ነው የምነግራችሁ፤ ዕቃው ደህና ነው።»

ደህና ነበር። መስታወቱ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ያለ ነው።

እሑድ ቢሆንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ሜዳ ሄደች፤ ጋሽ ብልጭ ወንበር አዘጋጁላት። ባሏ «ተረኛ ነኝ፤ መኪና ላይ ነኝ» ብሎ ቀርቷል። በዕረፍት ሰዓት ልጅቷ ካሜራውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላላት አያያዙን አሳየቻት። «ይሄን ቀለበት ቀስ ብለሽ አዙሪ፤ እስኪጠራ።»

ቢሆንስ አዞረች። ጉሙ ተገፈፈ። ከሜዳው ማዶ ያለ የግብ ጠባቂ ጫማ ክር እጇን ብትዘረጋ የምትፈታው መሰላት። ላብ አየች፤ የሚስቅ ጥርስ አየች። ከዚያ ከማዶው አጥር ጥግ፣ ከሕዝቡ መሀል፣ የሹፌር ኮፍያ አየች። በኮፍያው ሥር ያለው ሰው ከራሱ ጡጫ የሚበልጥ አይስክሬም ይልሳል፤ በእያንዳንዱ ልሳት ዓይኑን በደስታ ይጨፍናል።

ካሜራውን ሳታወርድ ስልኳን አወጣች።

«ሄሎ፣ የት ነህ?»

«የት እሆናለሁ ቢሆንስዬ፣ መሪ ላይ ነኛ! ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ጺምህን ጥረግ።»

ሰውዬው ጺሙን ነካ። ቀኝ አየ፣ ግራ አየ፣ ሰማይ አየ። አይስክሬሙን ከጀርባው ደበቀ፤ ከኋላው የቆመው ሰው ሱሪ ላይ ለጠፈው።

«አንቺ ሴት!» አለ በስልኩ ውስጥ። «ለራስሽ ነው እንዴ ዓይኑን ያስመጣሽው?»

«ተጫኚው እማ፣ ተጫኚው!» አለች ልጅቷ በሳቅ እየፈረሰች።

ቢሆንስ ተጫነች። በዚህኛው ዓይኗን አልጨፈነችም።